ሁለቱ ጾሞች ሲገናኙ አይብ ማን ይቀምሳል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ "እንግዲህ ዕረፊ" ይለኛል። እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ጠባዬን አያውቁትም። እኔ ምድጃ ላይ ምንም ሳይጣድ "ይገነፍል ይሆን?" ብዬ የምሰጋ ሴት ነኝ። ባለቤቴም "አንቺ እኮ ሰውን ሰላም ከማለትሽ በፊት ታሸቺዋለሽ" እያለ ይስቅብኛል። ውሸቱን አይደለም። ዕድሜዬን የገፋሁት አይብ ሳወጣ ነው፤ አይብ የሚያወጣ ሰው ደግሞ አፍንጫውን ቤት ትቶ መውጣት አይችልም።

ሥራዬን የጨረስኩት መርሳ ከተማ፣ ሴቶች በማኅበር ሆነው ባቋቋሙት የወተት ማሰባሰቢያ ቤት ነው። የስንብቱ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ ወረቀቱንም ፈራርሜ ተገላገልኩ። ቦታዬን የተረከበችው ሰዓዳ ናት። ከእኔ ጋር ብዙ ዓመት የሠራች፣ የልጆች እናት፣ እጇ ንጹሕ የሆነ ሴት ናት። አንድ ክፉ ነገር ቢኖር ከአይቡ ጋር ጭንቀቴንም መማሯ ነው። ስልኬ ጠዋት ሲጮኽ እሷ ናት። "እትዬ የሺ፣ አጓቱ ዛሬ ነጣብኝ፣ ምን ይሻላል?" ትለኛለች። አጓት አይቡ ሲወጣ የሚቀረው ውኃ ነው፤ ቢጫ ቢጫ ማለት ይገባዋል፤ ከነጣ አይቡ ገና አልተለየም ማለት ነው። "እሳቱን አትንኪው፣ ጠብቂ" እላታለሁ። ስልኩን ዘግቼ እኔም እቤቴ ሆኜ አብሬያት እጠብቃለሁ።

ዘንድሮ ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ገቡ። እኛ አገር ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ ሰው ደስ ይለዋል፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር እኩል ይራባል፣ በቀን የሚያስጎመጅ የወጥ ሽታም ከማንም ቤት አይወጣም። እኔን ግን ያሰጋኛል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከግራና መጀመር አለብኝ።

የተወለድኩት መርሳ አጠገብ ባለችው ግራና፣ ከእትዬ ዘምዘም አጥር ማዶ ነው። እሳቸው እስላም፣ እኛ ክርስቲያን ነን፤ አጥሩ ግን ዶሮ ለመከልከል ያህል የታጠረ ነበር፣ እናቴና እሳቸው በላዩ እሳት ይጫጫሩበት ነበር። በገበያ ቀን እትዬ ዘምዘም አይባቸውን በቅጠል ሸፍነው ሲወጡ ገዢው ገበያ ድረስ አያደርሳቸውም፣ መንገድ ላይ ይጨርስባቸዋል። እናቴ "እጅ ያለው እሳቸው ጋ ነው፤ ሂጂና ከእጃቸው ሥር ቁጭ በይ" ብላ ሰደደችኝ።

የመጀመሪያ ትምህርቴ እሳትም ወተትም አልነበረም። ወተት ያመጣች ሴት ገና ደጃፍ ስትደርስ፣ ክዳኑ ሳይከፈት፣ እትዬ ዘምዘም "ላሟ የት ዋለች?" ይሏታል። "ወንዝ ዳር" ካለች ዕቃውን ይቀበላሉ። "እንጃ፣ እኔ አልጠበቅኋት" ካለች "ሂጂና ጠይቀሽ ነይ" ይሏታል። እኔ በዚህ ነገር አፍር ነበር። አንድ ቀን ደፈር ብዬ "እትዬ፣ ሴትዮዋን በዚህ ፀሐይ ከሚመልሷት ወተቱን ቢያሸቱት ምናለ?" አልኳቸው።

"ወተት አይዋሽም" አሉኝ። "ግን ዝም ይላል። ዝም ያለን ነገር ባለቤቱን ነው የሚጠይቁት፣ ልጄ።"

የወተቱ ዕቃ በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል። ግራዋ መራራ ስለሆነ ውኃው ምንም እስከማይመር ድረስ ይለቀለቃል፣ ፀሐይ ይመታል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ወተቱ እዚያ ውስጥ ተኝቶ ሲረጋ በቅል ይናጣል። "ስትንጪ አትቁጠሪ፣ ስሚ" ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ቅሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ቀጭን ነው። ቅቤው መሰብሰብ ሲጀምር ድምፁ ይወፍራል፣ ቅሉም እጅ ላይ ይከብዳል። ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራ ነው። አይብ የሚወጣው ከአሬራው ነው፤ የእኔም ጭንቀት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

አሬራው በሸክላ ድስት ይጣዳል፤ እሳቱ ነበልባሉ የሞተ የኩበት ፍም ነው። እሳት ከበዛበት አይቡ ይኮማተርና ጥርስ ላይ እንደ ጎማ ይሆናል። ካነሰበት ደግሞ ልል ይሆንና ከአጓቱ አልለይ ይላል። አይማሰልም፤ ክዳኑም ቶሎ ቶሎ አይነሳም። ትንሿን ጣት ነክረሽ፣ እንዳትጮኺም እንዳትቆዪም የሚያደርግሽ ሙቀት ነው ልኩ። እኔ ግን መቼ አስችሎኝ! ክዳኑን በየመሐሉ እያነሳሁ አያለሁ። እትዬ ዘምዘም እጄን ቸብ ያደርጉና "አብሽሪ! አይብ ሲያዩት ያፍራል፣ አይመጣም" ይሉኛል። አብሽሪ ወሎ ውስጥ አይዞሽ ለማለት ከአፍ የማይጠፋ ቃል ነው። ከእሳቸው ስንት ጊዜ ሰማሁት! ለሌላ ሰው ያልኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ራሴ ያላመንኩትን ለሰው እንዴት እላለሁ?

አይቡ ከእሳት ወርዶ እንደተከደነ ይበርዳል፤ ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ይጠለልና ይንጠለጠላል፣ አጓቱ ጠብ ጠብ ብሎ ያልቃል። መጨረሻ ላይ ይቀመሳል። ሳይቀመስ ከዚያ ቤት የወጣ አይብ አላውቅም። ረመዳን ሲሆን እኔ እቀምሳለሁ። ሁዳዴ ሲገባ እኔ ወተት ከእነ ዘመዱ ስለማልነካ እሳቸው ይቀምሳሉ። "አንቺ የረመዳን ምላሴ ነሽ፣ እኔ የሁዳዴ ምላስሽ" ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱ ጾሞች በየፊናቸው ነበር የሚመጡት፤ አንድ ቀን ይገናኛሉ ብሎ ያሰበም አልነበረም።

ትዳር ይዤ ወልድያ ስገባ ሆቴል ወጥ ቤት ተቀጠርኩ። ደመወዙ የጨው መግዣ ያህል ነበር፤ ግን ያወቅሁትን ሥራ ሰጡኝ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ጩኸታም፣ ቁጣው ቶሎ የሚበርድለት ሰው ነበር። "የሺ! ይሄ ጋዝ ነው እንጂ ኩበት አይደለም፣ ቶሎ በይ!" ይለኛል። አንድ የፋሲካ ሰሞን፣ መንገደኛው ክትፎ በአይብ እያለ ሲጎርፍ፣ ራሱ መጥቶ እሳቱን ከፍ አደረገው። አይቡ ጠጠር ሆነ። አንዷን ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ሞከራትና "ይሄ እንኳ ለክትፎ አይሆንም፣ ግንብ እናስገንባበት" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ጓሮ ውስጥ የከሰል ምድጃ አስቀመጠልኝና "የሺን ማንም እንዳያዋክባት" ብሎ አዘዘ። ከዚያ ወዲያ ተዋደድን። ሁለቱ ጾሞች በዚያ ዘመንም ገጥመው ነበር፤ ግን ሆቴል ውስጥ የማይጾም መንገደኛ አይጠፋም። አንዱ ሹፌር ጎረስ ያደርግና "ግሩም ነው!" ይለኛል፤ እኔም እፎይ እላለሁ።

በኋላ መርሳ የወተት ቤቱ ሲቋቋም ጠሩኝ፤ ወደ አገሬ ልቅረብ ብዬ ሄድኩ። እዚያ የለመድኩት ነገር ሁሉ ተለወጠብኝ። ወተት በትልልቅ የብረት ዕቃ ተቀላቅሎ ይገባል። በር ላይ የሚለካበት መሣሪያ አለ፤ ውኃ የተጨመረበትን ያሳያል፣ በጣም ጥሩ ነገር ነው። የማን ላም የት እንደዋለች መጠየቅ ግን ቀስ በቀስ ቀረ። ወተቱ ከተቀላቀለ በኋላ የትኛዋን ላም ትጠይቂያለሽ?

ከዚያ ጦርነቱ እኛም ዘንድ ደረሰ። ስለ እሱ ብዙ መናገር አልፈልግም። ከሸሸንበት ተመልሰን ስንመጣ የወተት ቤቱ ባዶ ግድግዳ ነበር፤ ሴቶቹም የተረፈች ላማቸውን ይዘው ከዜሮ ጀመሩ። ብዙ መሬት ሳይታረስ ከርሞ ነበር። ባልታረሰው ላይ አረም ወጣበት፤ ከሁሉ የባሰው ነጭ አበባው የተከካ ቅንጬ ስለሚመስል ቅንጨ የምንለው አረም ነው። ከብት ወዶ አይበላውም። ሣር ሲያጣ ግን ይበላዋል፤ ሲበላው ወተቱ ይመራል። ምሬቱ አይሸትም፣ አይታይም። መሣሪያውም አያሳየውም። የሚያውቀው ምላስ ብቻ ነው።

ሁለቱ ጾሞች እንደገና የገጠሙት ከዚያ በኋላ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ወተት ገዢ ክርስቲያን ይጠፋል፤ የሚገባው ወተት በሙሉ ይናጣል። ቅቤው ፋሲካን ይጠብቃል። አይብ ግን አይጠብቅም፤ ቶሎ መበላት አለበት፤ የሚበላውም ማፍጠሪያ ላይ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የወተት ቤቱ ዕድል የተንጠለጠለው በአይቡ ላይ ነው። እትዬ ዘምዘም ደግሞ በየረመዳኑ በሟች ባላቸው ስም ጎረቤቱንና ችግረኛውን ሰብስበው ያስፈጥራሉ፤ አይቡን የማደርስላቸው እኔ ነኝ። ያን ዓመትም አደረስኩ። ሰዓዳም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። አሸተትነው፣ በእጃችን ፈተንነው፣ በዓይናችን አየነው። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ወይራ ወይራ የሚል አይብ ነበር። ማንም አልቀመሰውም።

ማታ ግራና እትዬ ዘምዘም ቤት እኔም ተቀምጬ ነበር፤ የጾም ሽሮዬን ለብቻ አቅርበውልኛል። አዛን ተባለ። ሰው በተምርና በውኃ ካፈጠረ በኋላ ወደ ምግቡ እጁን ዘረጋ። እኔ የራሴን ትቼ የሰዉን አፍ ማየት ጀመርኩ፤ የዘወትር አመሌ ነው። አንድ ሽማግሌ አይብ በእንጀራ ጎረሱና ማኘካቸውን አቆሙ። ጎናቸው ያለው ጎረሰ፤ እሱም ቆመ። በሰው ቤት፣ ያውም በሰደቃ ላይ፣ መረረኝ የሚል ወሎዬ የለም። ሁሉም በግድ ዋጡት። ሰዓዳ በሩ ጋ ተቀምጣ ነበር፤ ጎረሰችና ፊቷ አመድ መሰለ። ምሬቱ በደንብ ያልለቀለቀችው ግራዋ መስሏት እኮ ነው።

እትዬ ዘምዘም ከፊታቸው ያለውን አይብ ደግመው ጎረሱ። ረጋ ብለው አላመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ "የሺ፣ ላሞቹ የት ዋሉ?" አሉኝ።

በር ላይ ማንም አልጠየቀም ነበር። ሰዓዳ ዕቃውን አለመለቅለቋን ፈርታ አልቅሳ ነበር፤ "ያንቺ እጅ አይደለም፣ ቅንጨ ነው" ብለው ያጽናኗት እሳቸው ናቸው። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ መርሳ ገባ። ለመስጊድ ማፍጠሪያ ያዘዙን ሰዎች ትዕዛዙን ተዉት። "የሴቶቹ አይብ መረረ" ተባለ። በዚያ ሰሞን ያወጣነውን አይብ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው፤ ሴቶቹ ከበው ቆመው ነበር። የሰው ድካም አፈር ሲለብስ እንደዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። ቤቱ ሊዘጋ ትንሽ ነበር የቀረው።

ከዚያ ወዲህ በር ላይ "ላሟ የት ዋለች?" ማለት ተጀመረ። ግን ደረቁ ወራት ላይ የቸገረው ሰው "ቤት ነው የዋለችው" ይላል፤ ወተቱ እንዳይመለስበት። አልፈርድበትም። ስለዚህ ምላስ ያስፈልጋል፤ በሁለቱ ጾም ምላስ ከየት ይምጣ? ሰዓዳ አንድ ከሰዓት በኋላ በምላሷ ጫፍ ሞክራ ተፋችው። "መረረኝ" አለች። ሌላ ዕቃ ሰጠኋት፤ እሱም መረራት። ንጹሕ ውኃ ሰጠኋት፤ ውኃውም መረራት። የጾመኛ አፍ ራሱ መራራ ነው። የጎረቤት ልጅ ጠርተን አቀመስን፤ ልጁ ሳህኑን ጨረሰና "ጨምሩልኝ" አለ። መራራውን አይብ ነበር የሰጠነው። የማይጾም ጎልማሳ መርሳ ውስጥ አይጠፋም ይሆናል፤ ግን "እኔ አልጾምም" ብሎ በቀን ብርሃን መጥቶ የሚቀምስልን ከየት ይገኛል?

እንግዲህ ጡረታ የወጣሁት ይህን ጥያቄ ለሰዓዳ ትቼላት ነው።

ዘንድሮ ረመዳን ከገባ በኋላ እትዬ ዘምዘምን ልጠይቅ ግራና ሄድኩ። ስኳር እንዳለባቸው አውቃለሁ። ረፋድ ላይ ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ እንደ ልማዴ "እንዴት አደሩ?" እያልኩ ገባሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ኪኒን በውኃ እየዋጡ ነበር፤ ከጎናቸው የተቆረሰ ዳቦ አለ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ያላየሁ መስዬ ወደ ውጭ ዞርኩና "ጓሮ ያለው ጤና አዳም እንዴት ጸደቀ!" እያልኩ ቆየሁ። ስመለስ ዳቦው አልነበረም። ዕድሜያቸውን በሙሉ አንድ ቀን ያላፈረሱ ሴት ናቸው። ሐኪሙም ሸኹም መጾም የለብዎትም እንዳሏቸው ኋላ ከዘመድ ሰማሁ። ሸኹ በጾማቸው ፋንታ ችግረኛ እንዲያበሉ ነግረዋቸዋል፤ ፊድያ ይሉታል። የዘንድሮው ማፍጠሪያቸው እንግዲህ የባላቸው ሰደቃ ብቻ አልነበረም፤ የራሳቸው ጾምም እሱ ነበር። አይቡን ደግሞ ከሰዓዳ አዘዋል።

የማፍጠሪያው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"እትዬ የሺ፣ ልቤ አልረጋም" አለች ሰዓዳ። "ከትናንት በስቲያ ወተት ያመጣችው ሴት ላሜ ቤት ነው የዋለችው ብላኝ ነበር። ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሳልፍ ላሟን ያልታረሰው መሬት ላይ አየኋት። ወተቱ ተቀላቅሎ ተንጧል፤ አይቡም ወጥቷል። ያ ረቢ፣ ምን ላድርግ?"

"ይሸታል?"

"ምንም አይሸትም። ያን ጊዜስ ሸቶን ነበር እንዴ?"

አልሸተተንም ነበር። ቀጥዬ የማስበውን ነገር ማሰብ አልፈለግሁም፤ ግን መጣብኝ። በዚያ ሁሉ አገር፣ በዚያ ቀን፣ አፉ የጾመኛ ያልሆነና ምሬትን ለይቶ የሚያውቅ የማውቀው አንድ ምላስ ብቻ ነው። እሱን ምላስ መጠየቅ ማለት ደግሞ "አንቱ እንደማይጾሙ አውቃለሁ" ብሎ ፊታቸው ላይ መናገር ነው። አለመጠየቅ ማለት የጾማቸውን ምትክ መራራ አድርጎ ለችግረኛ ማቅረብ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ከመረረ የወተት ቤቱም አበቃለት፤ ይህን ሰዓዳም እኔም እናውቃለን፣ አንዳችንም አልተናገርነውም።

ከሰዓዳ በክዳን ሳህን ትንሽ አይብ ተቀብዬ ሚኒባስ ያዝኩ። ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መንገዱን በሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ሄድኩ። "ቀለሙን ይዩልኝ" ልበል? "ጨው ይጨመርበት ወይ?" ልበል? አይብ ላይ ጨው እንደማናደርግ እኮ ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ "እናቴ፣ ታመሻል እንዴ?" አለኝ። "ደህና ነኝ" አልኩት። ደህና አልነበርኩም።

እትዬ ዘምዘም ግቢ ውስጥ ለማታው ምንጣፍ ያስነጥፉ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ገባሁ፤ ሳህኑን መደቡ ላይ አስቀመጥኩና ስለ ፀሐዩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ባለቤቴ ወገብ ማውራት ጀመርኩ። እሳቸው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ሳህኑን አዩ፤ እኔን አዩ።

"ማታ የሚመጣ አይብ ምነው በጠዋት መጣ?" አሉ።

"እንዲያው... ቀደም ብዬ..."

"የሺ።"

የሳህኑን ክዳን ጠበቅ አደረግሁት።

"ላሟ የት ዋለች?"

"ያልታረሰው መሬት ላይ" አልኳቸው፤ እንባዬ መጣ። "አንዷ ላም ናት። የሌሎቹ ደህና ነው። ግን ተቀላቅሏል፤ እኛም አናውቅም።"

ተነስተው በሩን ገፋ አደረጉት። ከእንስራው ውኃ ቀድተው እጃቸውን ታጠቡ። "ባለፈው ጤና አዳሜን ስታወድሺ" አሉኝ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ "ጤና አዳሙ ደርቆ ነበር።"

አፈርኩ። "እትዬ፣ እኔ ለማሳፈር ብዬ አልመጣሁም፤ በማርያም..."

"አውቃለሁ። ሳህኑን ክፈቺው።"

"ቢስሚላህ" አሉና በሁለት ጣት ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ አኖሩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ አፋቸውን አያለሁ። ከንፈራቸው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አሉና ምድጃው አመድ ላይ ተፉት።

መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ሰው ተጠርቷል፣ ሰዓዳ ስልኳን ይዛ ትጠብቃለች። ጉድጓዱ ትዝ አለኝ።

"መረረ?" አልኩ።

"አልመረረም" አሉ። "ጣፋጭ ነው። እሳቱንም ደህና አድርጋ ይዛዋለች፣ ማሻአላህ።"

"ታዲያ ለምን ተፉት? ለአንቱ እኮ ተፈቅዷል፤ ቢውጡትስ ምናለበት?"

ድሮ ክዳኑን ቶሎ ቶሎ ሳነሳ እንደሚያዩኝ አድርገው አዩኝ።

"ጾመኛ ሰው ሲቀምስ ምን ያደርጋል?" አሉኝ።

ውኃ አንስተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፤ እሱንም አንድ ጠብታ ሳይውጡ ተፉት። ከዚያ ሻሻቸውን አስተካክለው "በይ ደውዪላት፤ ልጅቱ ነፍሷ አይቀርላትም" ብለው ወደ ምንጣፋቸው ወጡ።

ደወልኩ። ሰዓዳ ገና መጥራት ሲጀምር አነሳችው። "እትዬ የሺ?" አለች።

"አብሽሪ" አልኳት።